መርዶ በመድረክ ላይ፦ በአንዲት የቴሌቪዥን ተዋናይት ትወና የተነሣ የተመልካቾች ክርክር

ተውኔት ታይቶ ሲያበቃ ተመልካቾች «ጥሩ ነው»፣ «ጥሩ አይደለም» ተባብለው መለያየታቸው የተለመደ ነው። አንዱ ከሌላው በምን ሚዛን እንደ ተለያየ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ላይ በሁለት ምሽት ያየሁትን አንድ ተውኔትና በመሪ ተዋናይቷ ትወና ላይ የተነሣውን ክርክር ነው። የተውኔቱንም የተዋናይቷንም ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዬ ከግለሰብ ጋር አይደለምና። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከቡድኑ ጋር ከአዲስ አበባ ከመጡት አንዱ በማግስቱ ሻይ ቤት ውስጥ የተናገረው ቃል ነው። «የክፍለ ሀገር ተመልካች ረቂቅ ትወና አይገባውም» አለ። እኔ ግን በዚያ ምሽት የሰማሁት ክርክር በጋዜጦች ላይ ከማነባቸው አንዳንድ ሂሶች ይልቅ ያስተማረኝ ነበር።

ተዋናይቷን ሕዝቡ የሚያውቃት በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ነው። መድረክ ላይ ብቅ ስትል ከአዳራሹ ኋላ በድራማው ስሟ የሚጠራት ድምፅ ተሰማ፤ ጭብጨባውም ቀጠለ። እርሷ ጭብጨባው እስኪበርድ ጀርባዋን ሰጥታ እንሥራ ማስተካከል ያዘች። ብልኀት ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ሆነ፤ ብዙው ሰው ሊያይ የመጣው በተውኔቱ ያለችውን እናት ሳይሆን አስቀድሞ በቤቱ የሚያውቃትን ሴት ነበር። ይህ በእርሷ አልተጀመረም። በመድረክ የበሰለው አበበ ባልቻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በታየው «ሰው ለሰው» ድራማ አስናቀን ከተጫወተ በኋላ ለብዙ ተመልካች አስናቀ ሆኖ እንደ ቀረ እናስታውሳለን።

ክርክሩ የተነሣው በሁለተኛው ገቢር ነው። እናቲቱ ጎሕ ሳይቀድ በር ይንኳኳል፤ ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ የልጇን ሞት ያረዷታል። ተዋናይቷ አልጮኸችም። ነጠላዋን ጨብጣ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ተተከለ፤ ከንፈሯ ጥቂት ተንቀሳቀሰ፤ በዚያው ዝም አለች። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ነበርሁ። አጠገቤ የነበረች ወጣት መምህርት ጋቢዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ከኋላ ግን ሳልና ጉርምርምታ፣ አልፎም ሣቅ ተሰማ።

በስተግራዬ የተቀመጠችው አክስቴ ከአንኮበር እኔን ልትጠይቅ መጥታ ነው የወሰድኋት። ስንወጣ ዝም አለች። «እትዬ፣ እንዴት አየሽው?» ብላት «ደኅና ልጅ ናት፤ ግን ሠልስቱን በመርዶው ሰዓት አደረገችው» አለችኝ።

ይህን አባባል ብዙ ቀን አሰላስዬዋለሁ። በሰሜን ሸዋ ገጠር ልቅሶ ራሱን የቻለ ከዋኝም ታዳሚም ያለው ሥርዓት ነው። አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ የሟቹን ሙያ፣ የዘሩን ስም፣ የቀረውን ጎጆ እየጠቀሰች ትደረድራለች፤ ሌላው እየተቀበለ ደረቱን ይመታል። ለቀስተኛውም ይመዝናል፤ የትኛዋ እንዳሳመረችው፣ የትኛዋ ቃሉን እንዳላገኘችው ከቀብር ሲመለስ ይነጋገርበታል። ኀዘኑም እርከን አለው፤ የመርዶው ጩኸት፣ የቀብሩ ሙሾ፣ ከዚያም ድምፅ የሰለለበት፣ ዓይን የደረቀበት ሠልስት። እንግዲህ አክስቴ «ዝምታ ኀዘን አይደለም» አላለችም። ዝምታው ያለ ጊዜው መጣ ነው ያለችው። ይህም የገጸባሕርይዋ ስሜት ከሁነቱ ጋር መገጣጠሙን የሚጠይቅ ሂስ ነው፤ ተማሪዎቻችን በፈተና ወረቀት ላይ ቢጽፉት ሙሉ ነጥብ እንሰጥ ነበር።

ወጣቷ መምህርት በበኩሏ አልተቀበለችም። «መድረክ ልቅሶ ቤት አይደለም፤ ሦስቱን ቀን በሦስት ደቂቃ ማሳየት የተዋናይ ፈንታ ነው» ስትል ተከራከረች። ይህም እውነት አለው። ተውኔት ጊዜን ያጥፋል። ጥያቄው ሲታጠፍ የትኛው ይጣል የሚለው ነው፤ ጩኸቱ ወይስ ዝምታው? ለዚህ አንድ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ከኋላ የሣቁትን ግን ያን ምሽት እኔም በልቤ ነቅፌአቸው ነበር። በማግስቱ ትኬት ገዝቼ ሆን ብዬ መጨረሻው ረድፍ ተቀመጥሁ። አዳራሹ ለስብሰባ የተሠራ ነው፤ ወለሉ ደልዳላ፣ መድረኩ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሰውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ኮፍያ አስደፍቶ ያስቀምጣል። መርዶው ደረሰ፤ ተዋናይቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ከዓይኔ ጠፋች። ከፊቴ የሚታየው የሰው ራስ ብቻ ነው። ያ ያስለቀሰን ዓይንና ከንፈር ለእኔ አልነበረም፤ ያየሁት አንዲት ሴት ስትሰወርና ሽማግሌዎች ባዶ ቦታ ሲመለከቱ ነው። አጠገቤ ያለው ልጅ «ወደቀች እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሣቄ መጣ።

በቴሌቪዥን ካሜራው ወደ ተዋናይ ይቀርባል፤ የሽፋሽፍት እንቅስቃሴ የስክሪኑን ግማሽ ይሞላል። በመድረክ የሚቀርብ ነገር የለም፤ ተዋናይዋ ራሷ በድምፅና በአካል ወደ መጨረሻው ረድፍ መሄድ አለባት። ይሁን እንጂ «ዝምተኛ ትወና የቴሌቪዥን አመል ነው» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ቴሌቪዥን በሀገራችን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ክርክሩ ግን ከቴሌቪዥንም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ውስጥ ፈረንሳያዊቷ ሣራ በርናርና ጣሊያናዊቷ ኤሌኦኖራ ዱዜ የዙደርማንን አንድ ተውኔት በየፊናቸው ሲጫወቱ፣ በግርማና በድምፅ የምትማርከውን በርናርን የሚያደንቁና በዱዜ ቁጥብነት የተማረኩ ተለያይተው ነበር። ሐያሲው በርናርድ ሾው ለዱዜ ወገነ። የዱዜ ቁጥብነት ግን ለተውኔት ተብሎ በተሠራ አዳራሽ የቀረበ መሆኑን ልብ ይሏል።

በእኛም ሀገር መድረክና ተመልካች አንድ ጊዜ ተስማምተው አልቀሩም። ቀድሞ የሴቶችን ሚና ወንዶች ይጫወቱት ነበር። ክራር ደርዳሪዋ አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያት አንዷ ሆና ስትወጣ የሴትን ኀዘን በወንድ ጉሮሮ ሲሰማ የነበረ ታዳሚ ጆሮውን እንደ አዲስ ማስለመድ ነበረበት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱን ማንሣት ደስ አይለኝም። በዚያ ተውኔት የሽማግሌዎቹን ሚና የተጫወቱት የከተማው አማተር ልጆች ነበሩ። ድምፃቸው መጨረሻው ረድፍ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፤ አዳራሹን ያውቁታላ። ከእነርሱ አንደኛው «እርሷ ባትኖር አዳራሹ ግማሽ አይሞላም፤ እርሷ ስላለች ደግሞ እኛን ያየን የለም» አለኝ። ምን እንደምመልስለት ቸገረኝ። ትኬት የሚሸጠው ፊቷ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ እኔም የመጀመሪያውን ምሽት የገባሁት በእርሷ ስም ነበር።

በሚቀጥለው ወር አንኮበር ወርጄ ከኋላ ሆኜ ያየሁትን ለአክስቴ ነገርኋት። ቡናውን እየቀዳች አዳመጠችኝ፤ ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ቆማ ብትሰማው ምን አለበት?» አለች።