ተጨማሪ መረጃ፦ ተለያይቶ መኖር በቪዛ ፎርም ላይ

ባል ደብረ ብርሃን፣ ሚስት አንኮበር ወላጆቿ ዘንድ ተለያይተው ዓመታት ኖረዋል እንበል። ሽማግሌዎች ንብረታቸውን አካፍለዋቸዋል፤ ፍርድ ቤት ግን አልደረሱም። ሚስት ውጭ አገር ያለች ልጇን ለመጠየቅ የጎብኚ ቪዛ ስታመለክት «የተፋታች» ብላ መሙላት አትችልም፤ ፍቺ በወሳኝ ኩነት የሚመዘገበው የፍርድ ቤት ውሳኔ ሲቀርብ ነውና (አዋጅ ቁጥር 760/2004)። «ያላገባች» ማለትማ ከዚህም የከፋ ነው። የአሜሪካው ዲኤስ-160 ፎርም «በሕግ የተለያዩ» የሚል ምርጫ ቢኖረውም፣ በሽማግሌ ብቻ መለያየት እዚያ አይገባም፤ «ያገባች» ብላ ሞልታ፣ ተለያይተው እንደሚኖሩ በቃለ መጠይቁ ሳትሸሽግ ብትናገር ይሻላል። የሼንገን ፎርም ግን «የተለያዩ» ብቻ ስለሚል ኑሮዋን በትክክል ይገልጻል። ሐሰት መሙላት ግን ያስቀጣል፤ ለምሳሌ ካናዳ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበን አመልካች ለ5 ዓመት አገሯ እንዳይገባ ትከለክላለች።