የቮልስ ፍሬን እንዴት ይሻሻላል?

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ ብዙ ቮልስዋገን ቢትሎች፣ በአዲስ አበባ አጠራር ቮልሶች፣ የእግር ፍሬኑ አራቱንም ጎማ የሚይዘው በአንድ የዘይት መስመር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ማስተር ሲሊንደሩ የፍሬን ዘይቱን ወደየጎማው ይገፋል፤ ግፊቱም ሸራዎቹን ከታምቡሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር ያጣብቃል። ቀላል አሠራር ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ቅለት ይመጣል። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ዘይቱ ይፈስና አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። ለሹፌሩ የሚተርፉት የእጅ ፍሬንና ማርሽ ብቻ ናቸው።

ባለመኪናው ዓይኑን የሚጥለው ዲስክ ፍሬን ላይ ቢሆንም፣ መቅደም ያለበት ባለሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር ነው። ይህ የፊቱንና የኋላውን ጎማ ስለሚለያይ፣ አንዱ መስመር ቢፈስ መኪናው ርቀት ይፍጅ እንጂ በሌላው ይቆማል። ቮልስዋገን ለአሜሪካ ገበያ በ1967 ሞዴል አስገብቶታል፤ አሜሪካም ከ1968 መጀመሪያ አንስቶ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች።

ቀጥሎ የላስቲክ ቱቦዎቹ ይለወጣሉ። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ዘይቱ መመለሻ ሲያጣም ፍሬኑ ጎማውን እንደያዘ ይቀራል ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ዘይቱም ያረጃል፤ ከአየር እርጥበት ይመጥጣልና። አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲገባው ግን ወሰኑ ወደ 155 ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ በሚወስደው ዓይነት ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይህ ልዩነት ከባድ ነው፤ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል።

የፊት ዲስክ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ከታምቡር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ፋብሪካው ራሱ በአውሮፓው ባለ 1500 ቢትል ላይ ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር አድርጎ ሸጧል። ሆኖም ዲስክ እንደ ታምቡር በራሱ ኃይል አይጨምርምና ፔዳሉ ጠንከር ያለ እግር ይፈልጋል። ለታምቡር በተሠራ ማስተር ውስጥ ያለው ግፊት ያዥ ቫልቭም በዲስኩ መስመር ላይ ከቀረ ሸራው ሳይላቀቅ ዲስኩን እየፈተገ ያግለዋል። ቸርኬው የዲስኩን ሸራ የሚይዘውን ካሊፐር እንዳይነካም አስቀድሞ መለካት አለበት፤ ብዙ ወጪ ከወጣ በኋላ የሚታወቀው ስህተት ይህ ነው።

በመጨረሻ አየሩ ከመስመሩ ይወጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ከሟሸሸ ውስጡ አየር ቀርቷል፤ መኪናው ከጋራዡ መውጣት የለበትም።