መጥቶ የማይሄድ ውሃ፦ ስለ ኮይሻ ግድብና ስለ ኦሞ ጎርፍ

በኦሞ ወንዝ ላይ የሚገነባው የኮይሻ ግድብ ሲነሳ ክርክሩ ሁሌም «ቱርካና ሐይቅ ይደርቃል» እና «አይደርቅም» በሚሉት መካከል ይታጠራል። እኔ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ፤ ውሃው ምን ያህል ነው ብቻ ሳይሆን መቼ ይደርሳል? ኦሞ ክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ያለብስ፣ ክረምቱ ሲወጣ ይሸሽ ነበር። የሙርሲ፣ የካራና የዳሰነች ሕዝቦች ማሽላ የሚዘሩት ወንዙ ትቶት በሄደው ርጥብ ደለል ላይ ነበር። በታች ያለው የቱርካና ዓሣም ብዙው የሚራባው ይህን ጎርፍ ጠብቆ ነበር፤ ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኦሞ ነውና።

የኃይል ማመንጫ ፍላጎት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ለተርባይን የሚመቸው ክረምት ከበጋ የማይለዋወጥ ፍሰት ነው። 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ግልገል ጊቤ ሦስት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ውሃ ሲይዝ የክረምቱ ሙላት ተቀንሶ ለበጋ ተከፋፈለ። ዩኔስኮም በ2018 (እ.ኤ.አ.) የቱርካና ሐይቅን ብሔራዊ ፓርኮች አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። ኮይሻ የሚገነባው ከዚሁ ግድብ በታች፣ ዝሆንና ጎሽ በሚኖሩበት በጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ነው። ሸለቆው ውሃ ሲሞላ የሚሰጥመው የወንዝ ዳር ደን፣ እንስሳት በበጋ ጥላና ልምላሜ የሚፈልጉበት ቦታ ነው።

«ሐይቁ እኮ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሞላ እንጂ አልጎደለም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ከባድ ዝናብ ሐይቁን ሞልቶ ዳሰነችን ከመሬታቸው አፈናቅሏል። ነገር ግን ይህ ሙላት የጠፋውን ጎርፍ አይተካም። መጥቶ የማይሄድ ውሃ ማሽላ አያበቅልም፤ የግጦሽ መሬቱንም ውጦ ያስቀራል። «ጎርፍ ሰው ይገድላል» የሚለውም ቀላል ክርክር አይደለም፤ በነሐሴ 2006 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ግድብ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ጎርፍ መግታቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ድንገተኛውን መግታት ግን የሚጠበቀውን ማስቀረት ማለት አይደለም፤ ቀኑና መጠኑ ታውቆ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ ተነግሮት የሚለቀቅ ጎርፍ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ኤሌክትሪክ ያስፈልገናል፤ በጨለማ የሚያመሹ ሚሊዮኖች አሉ። ተርባይን የሚያሽከረክር ውሃ ደግሞ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ለመስኖ የተጠለፈው ግን አብዛኛው አይመለስም። ስለዚህ ከኦሞ በመስኖ የሚለሙት የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች የሚወስዱት ውሃ ከግድቦቹ ጋር አብሮ መቆጠር አለበት። ከላይ ያለው ግድብ የለቀቀውን ከታች ያለው መልሶ ከያዘው ደግሞ ልፋቱ ከንቱ ነው። ኮይሻ ውሃ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን ግድቦች በአንድ ላይ የሚገዛ የጎርፍ አለቃቀቅ ደንብ ይውጣ፤ የየዕለቱ ፍሰትም ለሕዝብ ይገለጽ። ለዚህ የጥቂት ቀናት ኃይል ይቀንስ ይሆናል። ያን ወጪ አገር በጋራ ካልተሸከመችው፣ ከግድቡ በታች ያለው ገበሬ፣ አርብቶ አደርና ዓሣ አጥማጅ ብቻውን በየዓመቱ ይከፍለዋል።