ወንድማችን ቀዝቅዞ ነው ወይስ ቤት ቀይሮ?

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ «እገሌ ቀዝቅዟል፤ ረቡዕ ማታ ጸሎት ላይ አይታይም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ከመፍረዳችን በፊት ሰው የሚኖርበትን ሰፈር በምን ምክንያት እንደሚመርጥ እናስተውል።

አዲስ አበባን እንመልከት። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ብዙዎቹም የቀበሌ ቤት ተብለው በትንሽ ኪራይ ተያዙ። በዚህ ምክንያት ድሃው ቤቱ ቢያረጅም መሐል ከተማ መኖር ቻለ። ሥራው፣ ገበያው፣ ዕድሩ፣ ቡና የሚጠራው ጎረቤት ሁሉ አጠገቡ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ እየሰፋ ሲሄድ ግን እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ያሉት ትልልቅ ሳይቶች የተሠሩት ከተማው ዳር ነው።

ዳር ሲወጡ ኪራዩ ይቀንሳል። ነገር ግን የሁለትና የሦስት ታክሲ ሂሳብ፣ በሰልፍ የሚያልፈውም ሰዓት ሲደመር ትርፉ ይመነምናል። ስለዚህ አንዷ እናት የጉልት ደንበኞቿን ላለማጣት በአንድ ጠባብ ክፍል ትጸናለች፤ ሌላው ልጆቹ ሰፋ ብለው እንዲተኙ ብሎ ሩቅ ይሄዳል። ሁለቱም አስበውበታል።

ሳይመርጡ የሚለቁም አሉ፤ አከራይ «ጨምር ወይም ውጣ» ይላቸዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ተከራይ የሆናችሁ ይህን እወቁ።

እንግዲህ ወንድማችን ሲጠፋ አስቀድመን «የት ገባህ? ስንት ታክሲ ትይዛለህ?» እንበለው። መምጣት ካልቻለ የቤት ለቤት ኅብረቱ ወደ እርሱ ይሂድ።

ጌታ ይባርካችሁ።