ፉጨተኛው ቱርቦ

በአሮጌ የአሜሪካ ወታደራዊ ካሚዮን አፍቃሪዎች ዘንድ «ፉጨተኛው» የሚል ቅጽል የወጣለት ቱርቦ አለ። የተገጠመበት መኪና ኤም 35 ኤ 2 ይባላል፦ ሦስቱም አክሰሉ የሚነዳ፣ ከመንገድ ውጭ ሁለት ቶን ተኩል እንዲጭን የታሰበ፣ ዘሩ ከኮሪያ ጦርነት ዘመን የሚጀምር የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ከኮፈኑ ስር ቀጭን ፉጨት ይነሳል፤ ሞተሩ ዙር በጨመረ ቁጥር እየሰላ ሄዶ የሞተሩን የራሱን ድምፅ ይውጠዋል። ያልለመደ ሰው «ይሄ ነገር ስንት የፈረስ ጉልበት ቢኖረው ነው!» ማለቱ አይቀርም። መልሱ 140 ገደማ ነው። ለ7.8 ሊትር ሞተር ይህ ከምንም አይቆጠርም።

ለዚህ ምክንያት አለው። ቱርቦው ሲገጠም ዋናው ሐሳብ ጭስ መቀነስ ነበር። ኤልዲ 465 የተባለው ይህ ሞተር ያለ ቱርቦም ተሠርቷል፤ ቱርቦ የታከለበት ኤልዲቲ 465 ይባላል። ሁለቱ በጉልበት ያን ያህል አይበላለጡም፤ ልዩነታቸው በጭስ ማውጫው ላይ ይታያል። ጥቁር ጭስ ማለት አየር አንሶት በደንብ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው፤ አየር ሲጨመርለት ይጠራል። ዳገት በወጣ ቁጥር ያለበትን ቦታ በጥቁር ጭስ የሚያሳውቅ መኪና ደግሞ ለየትኛውም ጦር አይመችም። በፉጨት የሚያሳውቅም እንደማይመች ያኔ ያሰበበት ሰው የነበረ አይመስልም።

ሞተሩ ናፍጣም፣ ነጭ ጋዝም፣ የጄት ነዳጅም፣ ሲቸግር ቤንዚንም እንዲያቃጥል ሆኖ የተሠራ ነው። ይህን የሚያስችለው ዘዴ የመጣው ከጀርመኑ ማን ኩባንያ ሲሆን፣ ያፈለቀው ኢንጂነር ዚግፍሪድ ሞይረር ይባላል። በተለመደው የናፍጣ ሞተር ነዳጁ የሚረጨው በጋለው አየር ውስጥ ነው። በዚህኛው ግን አብዛኛው ነዳጅ የሚያርፈው በፒስተኑ አናት ላይ በተቦረቦረ ክብ ጎድጓዳ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከዚያ እየተነነ ቀስ ብሎ ይቃጠላል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ በደንብ የሚያውቀው ዘመድ ብቅ ይላል። በምሥራቅ ጀርመን ሉድቪግስፌልደ ይሠራ የነበረው ኢፋ ደብልዩ 50፣ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተገጠመለት ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ይህንኑ የማን ኩባንያ ዘዴ በፈቃድ የወሰደ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት በተቃራኒ ጎራ የቆሙ ሁለት ካሚዮኖች ፒስተናቸው ላይ ያለው ጎድጓዳ ከአንድ ሰው ሐሳብ የተቀዳ ነው ማለት ነው። ኢፋው ግን ቱርቦ የለውም፤ 125 የፈረስ ጉልበቱን የሚያወጣው በራሱ ትንፋሽ ነው።

ቱርቦን በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበው የስዊስ ኢንጂነር አልፍሬድ ቡሂ ነው። ከሞተር የሚወጣው ትኩስ ጋዝ አንድ ተርባይን ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ሌላ ጎማ ደግሞ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይገፋል። ከፍታ ላይ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። በ1918 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጭኖ ወጥቶ፣ በቀጭን አየር የጠፋው ጉልበት በቱርቦ እንደሚመለስ እዚያው አሳይቷል። አዲስ አበባ ላይም የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው መኪና ከአዋሽ ሸለቆ ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ ሸክሙ ሳይጨምር ጉልበቱ ይደክማል።

አሁን ኮፈኑን ከፍተን እንመልከት። ቱርቦው ከጭስ ማኒፎልዱ ጋር ተጣብቆ ይገኛል፦ ጀርባ ለጀርባ የተጋጠሙ ሁለት ቀንድ አውጣዎች ይመስላል። አንደኛው ዝገት የለበሰ ጊዛ ነው፤ የጭሱ ጋዝ የሚገባው በእሱ ነው። ሌላው ነጣ ያለ አሉሚኒየም ሲሆን የአየሩ በኩል ነው። መካከላቸው ካለው አካል ከላይ ቀጭን የዘይት ቱቦ ይገባል፣ ከታች ወፍራሙ ይወጣል። የታችኛው የሚወፍረው ዘይቱ ሥራውን ጨርሶ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ነው። መግዣና መለወጫ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው፦ ቁጥሩ ላይ። ቀንድ አውጣው ላይ ጎላ ብሎ የሚነበበው ቁጥር ብዙ ጊዜ ብረቱ ሲፈስ አብሮ የወጣ የቅርጽ ቁጥር ነው፤ አንድ ቅርጽ ደግሞ ለተለያዩ ሞዴሎች ሊያገለግል ይችላል። ትክክለኛው ማንነት ያለው በአሉሚኒየሙ ላይ በሪቬት በተመታችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። እሷም ቀለም ተቀብታ፣ ቅባት ለብሳ ትገኛለች። በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉ፤ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ።

ሰሌዳዋ ከጠፋስ? የአየር መግቢያውን ቱቦ አውልቆ የጎማውን አፍ ስፋት መለካት፣ ክንፎቹን መቁጠር፣ የማኒፎልዱን ቡሎኖች አቀማመጥ ማየት ነው። የአየር መውጫው አፍ ወደየት እንደዞረ ማየት ግን ብዙም አያስተማምንም፤ በብዙ ቱርቦዎች ላይ ቀንድ አውጣውን አላልቶ ማዞር ይቻላል።

የኤም 35 ኤ 2 ቱርቦዎች የሚጠሩባቸው «ሲ» እና «ዲ» የሚሉት ስሞችም ጣጣ አላቸው። ፊደሎቹ የመጡት ከሞተሩ ስም ነው፦ ኤልዲቲ 465-1ሲ እና ኤልዲቲ 465-1ዲ። ፉጨተኛው የ«ሲ» ነው፤ ኋላ የመጣው የ«ዲ» ቱርቦ ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ወታደራዊ መኪና ግን በዕድሜው ስንት ጊዜ ተፈትቶ ይገጠማል። የሞተሩ ሰሌዳ «ሲ» እያለ የተገጠመው ዝምተኛው ሊሆን ይችላል፤ የሞተሩን ሰሌዳ አንብቦ የቱርቦ ዕቃ የሚያዝ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። የእነዚህ ቱርቦዎች የብዙዎቹ አምራች የኢንዲያናፖሊሱ ሽዊትዘር ነው። መሥራቹ ሉዊስ ሽዊትዘር በ1909 እ.ኤ.አ. በኢንዲያናፖሊስ መወዳደሪያ በተካሄደው የመጀመሪያው የመኪና ውድድር አሸናፊ ነበር፤ ኩባንያው በ1999 እ.ኤ.አ. በቦርግዋርነር ተጠቅልሏል።

ፉጨቱ ራሱ የጉልበት ምልክት አይደለም። ዘንጉ በደቂቃ 60,000 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 1,000 ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ክንፍ በእያንዳንዱ ዙር አየሩን ይሰነጥቃል። ጆሮ የሚሰማው ይህን ነው። ፉጨትና ጉልበት ለየቅል ለመሆናቸው ማስረጃው ባለ አምስት ቶኑ ኤም 54 ኤ 2 ነው። የእሱ ሞተር፣ ቱርቦ ያለው ኤልዲኤስ 465፣ ስፋቱ ያው 7.8 ሊትር ሆኖ ወደ 175 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ልዩነቱ ነዳጁ ላይ ነው። ቱርቦ የሚሰጠው አየር ብቻ ነው፤ ፖምፓው ተጨማሪ ነዳጅ ካልላከ ጉልበት ከየት ይመጣል? ቱርቦ ብቻ ቀይሮ «መኪናዬ በረረ» የሚል ሰው ድምፁን ወዶለት ይሆናል።

ቱርቦ ያለው ሞተር ከሌለው ጋር ያለውን ልዩነት በቁጥር ማየት የሚሻ ኤም 939 ወደሚባለው ባለ አምስት ቶን ቤተሰብ ይሂድ። የመጀመሪያዎቹ የኩሚንስ 14 ሊትር ሞተር ያለ ቱርቦ 240 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ኤ 2 የሚባለው ደግሞ ቱርቦና ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ማቀዝቀዣ ባለው 8.3 ሊትር ሞተር ያንኑ 240 ያወጣል። በሶቪየት በኩል ያለው ክራዝም ልዩነቱን ያሳያል፦ ክራዝ 255 ያለ ቱርቦ 240፣ ተከታዩ ክራዝ 260 በዚያው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ዘር ላይ ቱርቦ ታክሎበት 300። የሶቪየቶቹ ቱርቦ ለመለየት እንኳ ይቀላል። ሰሌዳው ላይ «ቲኬአር» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጎማውን ስፋት በሴንቲሜትር ይናገራል፤ 7 ከሆነ 7 ሴንቲሜትር፣ 11 ከሆነ 11። ቱርቦ ባላቸው ባለ ስምንት ሲሊንደር ካማዞች ላይ ከእነዚህ ትንንሾቹ ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ። ቢኤም 21 ሮኬት መተኮሻን የተሸከመው ኡራል 375 እና ዚል 131 ግን የቤንዚን መኪኖች ናቸው፤ እነሱ ላይ ቱርቦ መፈለግ ድካም ነው።

አሮጌ ቱርቦ ከመግዛታችሁ በፊት በጣታችሁ ዘንጉን ያዙት። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ አትደንግጡ፤ ቡሺንጎቹ ሲሠሩ በዘይት ላይ ስለሚንሳፈፉ፣ ደርቀው ሲነኩ ክፍተት ይሰማል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲሳብ ግልጽ ጨዋታ ካለው፣ ወይም የጎማው ክንፍ የአሉሚኒየሙን ግድግዳ የፋቀበት የሚያብረቀርቅ መስመር ከታየ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ ተዉት። «ሲ»ውም «ዲ»ውም ደህና ሆነው ከፊቴ ቢቀርቡልኝ እኔ የምወስደው ዝምተኛውን «ዲ» ነው፤ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ከአጠገቡ ከተቀመጠው ጋር ማውራትም ይፈልጋል።