ከገበያ የተገዛ ዝንጅብል ለዘር አይሆንም
በሞቃታማ አካባቢ የዝንጅብል አተካከልና እንክብካቤ

ዝንጅብል ሞቃታማና እርጥበት ያለው አካባቢ ይስማማዋል። የሚበላውም የሚተከለውም ከአፈር በታች የሚያድገው አካሉ ነው። በመሆኑም ዘር ያጠረው አርሶ አደር ከገበያ ገዝቶ መትከል ይቀለዋል። በመርካቶ የሚሸጠው ዝንጅብል ግን ከየአካባቢው መጥቶ የተቀላቀለ ነው። ለወጥ ቢሆንም ከማን ማሳ እንደወጣ ስለማይታወቅ ለዘር አይሆንም።

የሚያሰጋው የአጠውልግ በሽታ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ የብዙ አርሶ አደሮችን ማሳ አውድሟል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በዘር፣ በአፈር፣ በውሃና በእርሻ መሣሪያ ይተላለፋል። ጤነኛ በሚመስል ዝንጅብል ውስጥም ሊኖር ይችላል። የታመመን ተክል የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ አማራጩ መከላከል ነው።

ዘር መረጣ፦ በዕድገት ወቅት በሽታ ካልታየበት ማሳ ብቻ ዘር ይውሰዱ። ቁራጩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 1 ወይም 2 ዓይን ይኑረው። ቢላዋውን በበረኪና እያጸዱ ይቁረጡ።

አተካከል፦ ውሃ የማይተኛበት መሬት መርጠው ከፍ ያለ መደብ ያዘጋጁ። በመስመር መካከል 30፣ በተክል መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጠብቀው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥልቀው ይትከሉ። ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ በነበረበት ማሳ አይትከሉ፤ በሽታው እነሱንም ያጠቃል። በማፈራረቅ በቆሎ ወይም ጤፍ ይዝሩ።

እንክብካቤ፦ የአፈሩ እርጥበት እንዲጠበቅ በሣር ይጎዝጉዙ፤ አረም ይንቀሉ፤ አፈር ያስታቅፉ። ከጎረቤት ማሳ የሚመጣ ጎርፍ እንዳይገባ ቦይ ይቅደዱ።

በሽታውን መለየት፦ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ከጠወለገና ከታች ጀምሮ ቢጫ ከሆነ፣ ግንዱን ከሥሩ ቆርጠው ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያንጠልጥሉ። ወተት የሚመስል ፈሳሽ ከወጣ በሽታው አለ ማለት ነው። ተክሉን ከነሥሩ ነቅለው ያቃጥሉ፤ ወንዝ ውስጥ አይጣሉ። ከዚያ ማሳ ለዘር አያስቀሩ፤ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛም ያሳውቁ።

ሞዴል አርሶ አደር የተከለውን ጎረቤት ይተክላል። የእርስዎ ዘር ጤናማ ከሆነ ጎረቤትም ይጠቀማል፤ ከታመመ ግን በሽታው የአካባቢው ሁሉ ይሆናል። ስለዚህ ዘር ከመስጠትዎ በፊት የራስዎን ማሳ በሚገባ ይፈትሹ።