ስለ ወላጆች መጦርና ስለ ረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው አባቶቻችን ይመርቃሉ። ወላጅን መጦር ለልጅ ግዴታም በረከትም መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ዳሩ ግን በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦቻችን፥ ባልና ሚስት ሁለቱም ማልደው ወደ ሥራ ስለሚወጡ፥ የደከመውን ወላጅ ቀን ቀን ማን ይጠብቀው በሚል ሐሳብ ይጨነቃሉ። ስለዚህ በዚያ አገር ስለሚሸጠው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ ጥቂት ልንገልጥ ወደድን።

አስቀድመን አንድ ስሕተት እናርም። ብዙዎች «ሜዲኬር አለን» ብለው ይዘናጋሉ። መደበኛው ሜዲኬር ግን የሚረዳው ለሕክምና ነው። በሽተኛው ቢያንስ 3 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ የነርስ ሕክምና ካስፈለገው፥ በማገገሚያ ቤት እስከ 100 ቀን ይረዳዋል፤ ሙሉውን ወጪ የሚችለው ግን የመጀመሪያዎቹን 20 ቀኖች ነው። የሚያጥበውና የሚያለብሰው ሰው ብቻ ለሚሻ አይከፍልም። ሜዲኬይድ ለዚህ ይከፍላል፤ ይኸውም ገቢውና ጥሪቱ ጥቂት ለሆነ ሰው ነው።

ኢንሹራንሱም ቢሆን ስላረጁ ብቻ አይከፍልም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣውን ሕግ በሚከተሉት ውሎች ዘንድ፥ መታጠብ፥ መልበስ፥ መብላት፥ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፥ ከአልጋ መነሣትና ሽንትን መቆጣጠር ከተባሉት ስድስት ተግባሮች ቢያንስ ሁለቱን ያለ ረዳት መፈጸም አለመቻሉ፥ ይህም 90 ቀን ያህል እንደሚቆይ፥ በጤና ባለሙያ ሊመሰከርለት ይገባል። አእምሮው እጅግ ደክሞ ጠባቂ የሚያሻውም እንዲሁ ይካተታል።

ከዚህም በኋላ የመቆያ ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ 90 ቀን ነው። እዚህ ላይ አንባቢያችን ልብ ይበል። አንዳንዱ ውል ቀኑን ሁሉ ሲቈጥር፥ ሌላው ግን ተከፋይ ረዳት የመጣበትን ቀን ብቻ ይቈጥራል። እንዲህ ባለው ውል ሴት ልጅ ሥራዋን ትታ እናቷን ሦስት ወር ብታስታምም ድካሟ እንደ አንድ ቀን እንኳ ላይቈጠር ይችላል። ብዙዎቹም ውሎች ለቤተ ሰብ አባል ደመወዝ አይከፍሉም። በእግዚአብሔር ዘንድ የተቈጠረው አገልግሎት በውሉ ዘንድ ሳይቈጠር እንዳይቀር፥ ይህን ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ወርኃዊው ክፍያ ከጊዜ በኋላ ሊጨምር ይችላል፤ የቀን ክፍያው ከኑሮ ውድነት ጋር ካላደገም ከሃያ ዓመት በኋላ ጥቂት ይሆናል። ደግሞም መርሳት የጀመረች እናት ክፍያዋን ዘንግታ ውሉ በሚያስፈልጋት ጊዜ እንዳይፈርስ፥ ማስጠንቀቂያው ለልጇም እንዲላክ ስሙን ማስመዝገብ ይበጃል። ኩባንያው የታመመውን ስለማይቀበል ምክሩ በጤና ዘመን ይሁን።

ረዳት መቅጠር ወላጅን መጣል እንዳይመስላችሁ፤ የደከመ ልጅ ዕረፍት ሲያገኝ በወላጁ አጠገብ በፈገግታ ይቀመጣል። እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆችና ልጆች በአንድነት ተቀምጠው ውላቸውን ያንብቡ። እግዚአብሔር አረጋውያኖቻችንን ይጠብቅልን።